የሞቲ ቲሸርት

ከዓመታት በፊት ኦቦ ጉታ ልጃቸው ሞቲና ጓደኛው ከግድግዳው ወዲያ ሲቀላለዱ ሰምተው ነበር።

«ቲሸርትህ ላይ ያለው የጦር አውሮፕላን ሁለት መቀመጫ አለው። ሄልሜት ያደረገው አንተ ነህ እንበል፤ ኋላህ ማን ሊቀመጥ ነው?»

የሞቲን መልስ አያስታውሱም።

ሞቲ ከጊንጪ እንደወጣ ወሬው ጠፋ። ጉታ ልጁ ትቶት የሄደውን ቲሸርት ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቡታል፤ የልጁን ስም በጸሎት እያነሱም ገመድ ላይ ያሰጡታል። ጎረቤታቸው ዱሬቲ «በብርድ ከሚሰቃዩ ይልበሱት እንጂ» ስትላቸው፣ «ባለቤቱ ይመጣል» ብለው ዝም ያሰኟታል።

ዛሬ ዱሬቲ ገመዱ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ኦቦ ጉታ፣ ይሄ አብራሪ ሄልሜቱን መቼ አወለቀ?»

ጉታ ቀረብ ብለው አዩ። ሥዕሉ ላይ ያለው አብራሪ ሞቲ ነው፤ ከቤት ሲወጣ ያልነበረው ጢም አብቅሏል። ፊቱን ወደ ኋላው ባዶ መቀመጫ አዙሯል።

ጉታ ገና ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቲሸርት ከገመዱ አወረዱት።

«እሺ ልጄ፣ እለብሰዋለሁ፤ ኋላህ እኔ እቀመጣለሁ» አሉ ቀስ ብለው።