የጉልበት ሎሚ

ፈታኙ ከአጥንቱ ክምር አንድ የጉልበት ሎሚ አንስተው የሕክምና ተማሪዋ ሩማና መዳፍ ላይ ጣል አደረጉላት።

«የቀኝ ነው የግራ?»

ፈተናውን ሦስቴ ወድቃለች፤ ዛሬ ከደገመች ተባርራ ወደ ቤቷ ናት። ጭንቅላቷ ባዶ ሆነ። ከእሷ ቀድማ የገባችውና የምታስጠናት፣ እንደ ታላቅ እህት «አፓ» የምትላት ፈርዛና ግን «ሲጠፋብሽ ሹሉን ከአንቺ አርቀሽ ጠረጴዛው ላይ ልቀቂው፤ ወደ ራሱ ወገን ያጋድላል» ብላት ነበር። ለቀቀችው። አጥንቱ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ወደ ቀኝ ጋደል አለ።

«የቀኝ!» ብላ ጮኸች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አልደነቆርኩም! አልፈሻል። ማነው ያስተማረሽ?»

«ፈርዛና አፓ ናት፣ ሰር።»

«ያቺ ሦስቴ የጣልኳት?»

በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የቆመችው ፈርዛና አላስቻላትም።

«በአራተኛው አልፌያለሁ እኮ፣ ሰር!»

ፈታኙ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሩማና ግን በሩን በርግዳ ወጥታ አፓዋ አንገት ላይ ተጠምጥማለች።