ወረፋ አሳጣሪው

ካካካካ! ኧረ ቆዩኝ፣ እንባዬን ልጥረግ! ሰውየው ቤቴ ገብቶ ያለው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ጎኔን ውጋት ይይዘኛል። አሁን ግን አልነግራችሁም፤ ዋናው ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ደግሞ ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ፀዳል የእህቴ ልጅ ናት። እዚሁ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት እያደረች ትሠራለች። ጡት በቅርብ የጣለችው ልጇ ዓይናለም ባልባላ ሰፈር፣ እኔ ዘንድ ናት፤ እኔ ሰልባጅ ስሸጥ ልብሱ ክምር ላይ ትተኛለች።

ፀዳል የመኖሪያ ካርድ የላትም። አፈሳ ሲመጣ ካርድ የሌለው መኪና ላይ ይጫንና ድንበር ላይ ይራገፋል። «ልጅ አለኝ፣ ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት» ቢሉ ማን ሰምቶ!

አሠሪዋ ባሺር ይባላል፤ ቱኒዚያዊ ነው። መንግሥት የተበላሸውን አገልግሎት እንዲያቃኑለት ከውጭ አዋቂ የሚያስመጣበት ፕሮግራም አለ። «ፌሎው» ይሏቸዋል፤ አንድ ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ ይሠሩና ይሄዳሉ። ባሺር የተመደበው፣ እዩልኝ እንግዲህ፣ የመኖሪያ ካርድ የሚሰጠው ቢሮ ነው። ወረፋውን ሊያሳጥር! ያ ወረፋ እኮ በጸሎትም የሚያጥር አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ወርቅ የሆነ ሰው ነበር። የቀረበለትን ይበላል፣ «ሹክረን» ብሎ ያመሰግናል። ጎረቤቴ ዘቢባ አንድ ጠዋት ከሕዝቡ ጋር ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ ላቡን እየጠረገ አየችው።

«አዋቂ ማለት እንዲህ ነው፤ ችግሩን ከሥሩ ሊያጠና ተሰልፏል» ተባባልን። መረቅነውም።

ከዚያ ጠባዩ ተለወጠ።

ሲመሽ መሀል ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ ወጥቶ ካፌ የሚቀመጠው ሰው፣ መጋረጃ ዘግቶ ቤት መዋል አመጣ። በር ሲንኳኳ ፀዳልን ይልክና ራሱ መታጠቢያ ቤት ይገባል። አንድ ቀን ሱሪው አቧራ ለብሶ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ መጣ። «ወደቅሁ» አለ።

ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ፀዳል ቤሩት ሳለች የለቀመችው ዓረብኛ አላት፤ በዚያው ያናግራታል።

«ዓርብ ዓርብ አክስትሽ ጋ ስትሄጂ በየት በኩል ነው የምታልፊው?»

«በሚኒባስ።»

«ፖሊስ አያስቆመውም?»

«ሊያስቆመው ሲል ቀድሜ እወርዳለሁ።»

«ወርደሽስ ወዴት ትገቢያለሽ?»

መጥታ ነገረችኝ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ድስቱ አረረ ብዬ ሮጥኩ። የተጣደ ድስት እንኳ አልነበረም፣ አክስቴ!»

ያን ዕለት አለምሰገድ እኔ ጋ ነበር። ሹፌር ነው፤ ወደብ ላይ ጭነቱን እስኪያገኝ የሰልባጄን ክምር ተደግፎ ይውላል፤ አንድ ካልሲ እንኳ ገዝቶኝ አያውቅም።

«እትዬ ፋጤ፣» አለኝ፣ «ወረፋ በምን እንደሚያጥር ታውቂያለሽ?»

«በምን?»

«የተሰለፉትን ጭኖ ድንበር ላይ ማራገፍ ነዋ! ሰውየው መንገዳችሁን እያጠና ነው።»

«አፍህን ያዝ አንተ ሟርተኛ!» አልኩት። ነገሩ ግን ሆዴ ገባ።

«ውጪ ከዚያ ቤት» አልኳት ፀዳልን።

«የት ልግባ? ሌላው ሁሉ ካርድ አምጪ ይላል። ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ምን ብሎ ይጠይቅሽ? እንደሌለሽ ያውቀዋላ!»

ዓርብ ደረሰ። ፀዳል ሚኒባስ ውስጥ ሆና ባልባላ መግቢያ ላይ የፖሊስ መኪና ተገትሮ አየች። እንደ ልማዷ ቀድማ ወረደችና በቆርቆሮ ቤቶቹ መሀል ገባች። ዞር ስትል ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ከዚያው ሚኒባስ ወርዶ ይከተላታል።

ባሺር!

ስትፈጥን ይፈጥናል። ስትታጠፍ ይታጠፋል። ግድግዳ ተለጥፋ ስትቆም፣ እሱም ራቅ ብሎ ግድግዳ ተለጥፎ ይቆማል።

«አክስቴ፣ ተከተለኝ!» ብላ እላዬ ላይ ወደቀች።

በሩን ቀረቀርኩት። ፀዳል ልጅቷን ከክምሩ ላይ አንስታ አዘለቻት፤ ነጠላውን ቋጠረች። እንደ ልማዱ ክምሩን ተደግፎ የነበረው አለምሰገድ የጎማ መፍቻውን አነሳ። በጓሮ እንዳትወጣ ጓሮ የለኝም፤ የጎረቤት ግድግዳ ነው።

ከዋናው መንገድ የመኪና ድምፅ መጣ። ወደ እኛ መንደር ታጠፈ።

በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ።

«ማነው?» አልኩ። ድምፄ እንኳን ሰው፣ ድመት አያስደነግጥም።

አሁንም ተንኳኳ፤ አሁን ፈጠን አለ።

«ከወሰዱኝ ዓይናለምን አብረው ይውሰዷት፤ ከእጄ እንዳትነጥቁኝ» አለች ፀዳል። አላለቀሰችም። ይህ ነው አንጀቴን የበላኝ።

እኔም መጥረጊያዬን አንስቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ በሩን በረገድኩት።

ባሺር ብቻውን ነው። ግባ ሳልለው ዘሎ ገባ፣ በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው፣ ተደግፎትም ቆመ። ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል። ኮፍያውን አወለቀ። መጥረጊያዬን አየ፣ የአለምሰገድን ብረት አየ፣ ፀዳልን አየ። የገበያ ዓረብኛ እኔም አላጣም፤ ፀዳልን ያላት ቃል በቃል ይኸው፦

«ፀዳል እህቴ፣ መቀርቀሪያው የታለ? ቶሎ በይ፣ እኔም ካርድ የለኝም፤ ገና ወረፋ ላይ ነኝ!»