የመርከቡ ጠባቂ

የባሕር ዳሩ መርከበኛ በሰው አገር ወደብ ውስጥ፣ ባለቤቱ ጥሎት በጠፋ አሮጌ መርከብ ላይ ብቻውን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ባልደረቦቹ ወዳገራቸው ሲሸኙ፣ ፍርድ ቤቱ እሱን ጠባቂ ብሎ ሾሞ ፓስፖርቱን ያዘበት። ከተማዋን በየቀኑ ያያታል እንጂ አልረገጣትም።

አንድ ጠዋት የወደቡ ሹማምንት በጀልባ መጡ። መርከቡን ሐሙስ ሆን ብለው እንደሚያሰጥሙት፣ ዓሣም መጠለያ አድርጎት እንደሚራባበት ነገሩት።

ለሚስቱ ለትርንጎ ደወለ። «ለፋሲካ ቤቴ ነኝ» አላት።

«እንዳታታልለኝ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሐሙስ ወደ የብስ አወጡት። መርከቡ በአፍንጫው ሲጠልቅ ሰዉ አጨበጨበ፤ እሱ ግን ጫማውን አውልቆ መሬቱን እየረገጠ ነበር።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ፓስፖርቱን ሊቀበል ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደ። ጸሐፊው የፍርድ ቤቱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ትእዛዙ ፓስፖርቱ ይያዝ የሚለው መርከቡ ከወደቡ ክልል እስኪወጣ ድረስ ነው።»

«ሰጠመ እኮ፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ። የት ነው የሰጠመው?»

«እዚሁ፣ ወደቡ ውስጥ» አለ፤ እጁም ወደ መስኮቱ እንደተዘረጋ ቀረ።