አክተሩ ለምን አላለቀሰም

«አርባ ዓመት ጠፈር ላይ ከርሞ ሲመለስ እናቱ ሞታ ትጠብቀዋለች፤ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣም» አለ መምህር በላይነህ፣ የንፍሮውን ሳህን ለጎረቤቱ እያሳለፈ። «ይሄ አጻጻፍ ነው?»

ልብስ ሰፊው ሳህሉ ጀርባውን ለለቀስተኛው ሰጥቶ፣ ቆሞ የዕድሩን ድንኳን ይሰፋል። የጠዋቱ ዝናብ ሸራውን ከጎኑ ተርትሮታል። በእጁ የያዘው የቡና ጆንያ መስፊያ መርፌ ነው። ዛሬ የፍቅሩ ሠልስት ነው። ፍቅሩ የሚዛን ተፈሪ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ የሳህሉ የሱቅ ጎረቤት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ተከራካሪው ነበር።

ወሬው ወደ ፊልም የዞረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍቅሩ የጠገነውን ቴሌቪዥን ሁሉ የሚሞክረው በአንዲት ፍላሽ ነው፤ ፍላሿ ላይ ያለውም አንድ የጠፈር ፊልም ብቻ። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ቴሌቪዥን ተበላሽቶበት ያንን ፊልም ያላየ ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ያየው ዕቃው ተሠርቶ እስኪሰጠው የደረሰበትን ያህል ነው። ከቴፒ ለለቅሶ የመጣው ቡና ነጋዴ ከድር የሚያውቀው መጀመሪያውን ነው፤ እናትየዋ «በሩ ተገንጥሏል፣ ሳትሄድ ሥራልኝ» ስትል አክተሩ «ስመለስ» ብሎ መንኮራኩሩ ውስጥ ሲገባ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጌታሁን ደግሞ ያዩት መካከሉን ብቻ በመሆኑ፣ አክተሩ አብሮት የሚጓዘው ሮቦት መስሏቸው ኖረዋል።

«ብረት ከሆነ ታዲያ በምኑ ያለቅሳል?» አሉ።

አክተሩ ሮቦቱ ሳይሆን ሰውዬው መሆኑ ተብራራላቸው። ጥቂት አሰቡና በፈቃድ ነው ወይ የሄደው ብለው ጠየቁ። የመንግሥት ሥራ መሆኑ ሲነገራቸው፣ እንግዲያው ቀብር ባለመድረሱ አይወቀስም ብለው ፈረዱ። ከድርን ያሳሰበው ሌላ ነበር፤ ሴትዮዋን ማን ቀበራት? ይህን ሁሉ ሳይንስ የሠራ አገር እንዴት አንድ ዕድር ያጣል?

ሳህሉ ሳቁን ዋጠው። ዛሬ ቢስቅ ያልቅለታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የፍቅሩ ታላቅ እህት እማዋይሽ ዓይን ዓይኑን ስታየው ነው የሰነበተችው። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሱ የሬሳ ሳጥኑ ጨርቅ ላልቶ አይቶ ሲያጠብቅ ነበር። ከቀብር መልስም አንድ እግሩ የተንገዳገደ ወንበር አግኝቶ ሚስማር ሲመታበት ዋለ። «ወንድሜ ከእኔ አስበልጦ የሚያየው ሰው አንዲት እንባ ነፈገው» ማለቷ ጆሮው ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። እሱም አልሞከረም አይባልም፤ ጓሮ ዞሮ ዓይኑን አሽቷል፣ ፊቱን አጨማዷል። የመጣለት ማስነጠስ ብቻ ነው።

በላይነህ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አይቶታል፤ የእሱ ቴሌቪዥን አመለኛ ነበር። ሰውዬው ባዶ ቤት ይገባል፣ የእናቱን ሹራብ ወንበር ላይ ያያል፣ ካቻቢቴ ፈልጎ የበሩን ማጠፊያ ይሠራል፣ አለቀ።

«ይህን ሰውዬ የጻፈው ሰው» አለ በላይነህ፣ «እናት የለውም።»

የሳህሉ መርፌ ቀጥ አለ። አነጋገሩን ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ፍቅሩ ያንን ፊልም በከፈተ ቁጥር፣ በቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ስንጥቅ እያየ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብሎታል። ፍቅሩም ብየዳውን ሳያቋርጥ «ዓይኑን ምን አስመለከተህ? እጁን እይ» ይለው ነበር። የተሸነፈ ሰው መሸነፉን በሰው ፊት ይናገር ተባብለው፣ አንዳቸውም ሳይናገሩ ዓመታት አለፉ። ሰኞ ሱቅ ሲዘጉ ሳህሉ «አንተም አክተርህም ብሎን ናችሁ» ብሎት ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ፍቅሩ ሱቁን አልከፈተም።

«እጁን አላያችሁም» አለ ሳህሉ፣ ፊቱን ከሸራው ሳያዞር።



«የማንን እጅ?» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

«የአክተሩን። ሁላችሁም ዓይኑን ስታዩ ነው ያለቀባችሁ። ማጠፊያው አራት ብሎን አለው። አራቱንም አስሮ ከጨረሰ በኋላ፣ መጀመሪያ ያሰረውን መልሶ ይፈታና እንደገና ያስረዋል። በሩ እኮ ተሠርቷል። እጁ ከሥራው ከወጣ የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ ነው።» መርፌውን መልሶ ወጋ። «በደንብ ነው የተጻፈው። ፍቅሩ ልክ ነበር፤ አሸንፎኛል።»

ይህን ብሎ፣ ፍቅሩ እንዴት እንደሚያሽካካ ለማየት በልማዱ ወደ ግራ ዞረ።

በግራው የቆመችው እማዋይሽ ናት፣ ሰፌድ ሙሉ ንፍሮ እንደያዘች። ፊቱን አላየችም። የምታየው ሸራውን ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ ቆይቷል። ስፌቱ ቅዱ ካበቃበት አልፎ፣ በደህናው ሸራ ላይ ክንድ ያህል ቁልቁል ወርዷል፤ ያውም ነገ ለሚፈርስ ድንኳን፣ ለሙሽራ ቀሚስ በሚሆን ደቃቅ ስፌት።

ከድርም አሁን ገና አየው። «ሳህሉ፣ እዚያ ጋ እኮ አልተቀደ...» ብሎ ጀመረ። እማዋይሽ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አስቀመጠችበትና አቋረጠችው።

ከዚያ ወደ ሳህሉ ጠጋ አለች። ጎንበስ ብላ የሸራውን የታች ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና፣ እንዲሰፋው ወጠረችለት።