ስለ ሐቀኝነት የተጻፈው መልስ

የወንድማቸው ሚስት ልጇን ኤልዳናን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት እትዬ ስንዱ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ዛሬ ሊያፋጥጧት መጡ።

«ይኸው፣ ይዩት!» አለች ሚስቲቱ፣ የአንድ መንፈሳዊ ልቦለድ የጥናት መምሪያ ፊታቸው ወርውራ። «ኤልዳና ሁሉንም መልሳለች። የእናንተ ትምህርት ቤት እንዲህ ያስተምራል?»

እትዬ ስንዱ መነጽራቸውን አድርገው የልጅቱን መልስ ከመምሪያው ኋላ ከታተመው መልስ ጋር አመሳከሩት። አንድም ስህተት የለም። «ታሪኩ ስለ ሐቀኝነት ምን አስተማረሽ?» ከሚለው ሥር እናቲቱ በቀይ እስክሪብቶ «ጌታ ይባርክሽ!» ብላበታለች። ንዴታቸው ባሰ።

«ለመሆኑ ልቦለዱን አንብባዋለች?»

«ምን ማለትዎ ነው? ቁጭ ብለን አብረን ነው የጨረስነው!»

እትዬ ስንዱ ተነሥተው ልቦለዱን ከመደርደሪያው አወረዱት። የታሸገበት ፕላስቲክ ገና አልተቀደደም።