ሁለት የግራ እጅጌ

ዶክተሯ የአባዬን አገጭ የዓይን ማሽኑ ማስደገፊያ ላይ አስተካክላ ግንባሩን በቀበቶ ታጠብቃለች። «እንዳይነቃነቁ አባባ። ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ኖሬ ሦስት ሰከንድ ያቅተኛል?» ይላል አባዬ።

ልብስ ሰፊ ነበር። ግራ ዓይኑ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው። የቀረው ቀኙ ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ አጥርቶ ከሚያይባት ነጥብ አጠገብ፣ ደም የምታንጠባጥብ ሥር አለችበት። የዛሬው የሌዘር ጨረር እሷን ተኩሶ ይዘጋታል።

ጨረሩን ወደ ሥሯ የምታጥፈው መስታወት የእኔ ሥራ ናት። የጣት ጥፍር ብታክል ነው። ለሚያያት ባዶ ናት፤ ፊቷ ላይ ግን ከፀጉር መቶ እጥፍ የቀጠኑ ሚሊዮን ዓምዶች ቆመዋል። ወፈር ያሉት ብርሃኑን ያዘገዩታል፣ ቀጫጭኖቹ ቶሎ ያሳልፉታል፤ ብርሃንም ወደ ዘገየበት ጎን ይታጠፋል። ለዚህች ሁለት ዓመት ዓይኔ ፈሷል። የመጀመሪያ ታካሚ ሲፈለግ አባዬ ማንንም ሳያማክር ተመዘገበ። «ልጄ የሠራችው እኔን አይጎዳኝም» አለ።

ዶክተሯ መጋረጃውን ትዘጋለች። አባዬ ሲፈራ ወሬ ያበዛል፤ አሁንም ይጀምራል።

«አንዴ ለሙሽራ ኮት ስቆርጥ ምን ሆነ መሰለሽ ዶክተር? ለሁለተኛው እጅጌ ንድፉን መገልበጥ ረስቼ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጬ አረፍኩት! ልኩ ልክክ ያለ ነው፤ አንዲት ጣት አልሳትኩም። ግን ሁለቱም ግራ!»

ዶክተሯ ትስቃለች። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት መስታወቷ ትዝ ትለኛለች።

መስታወቶቻችንን የሚያትምልን ክፍል ንድፉን ገልብጦ ነው የሚያትመው። ስለዚህ ከመላኬ በፊት እኔው ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጌ እገለብጠዋለሁ። ፊት እንደ መታጠብ የለመድኩት ነገር ነው። የመጀመሪያዋ መስታወት ባለፈው ወር ተሰነጠቀች። የሁለተኛዋን፣ የዛሬዋን፣ ንድፍ በላክሁበት ከሰዓት አባዬ ደወለ። «ልጄ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መጣ» አለኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እያባበልኩት ነበር፤ እጄ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ይጫናል።

ገልብጬዋለሁ? አላስታውስም።

ሞክረናታል እኮ፣ እላለሁ ለራሴ። የጨረሩ ነጥብ ክብ ነው፣ ጉልበቱ ልክ ነው፣ ጨረሩ የታጠፈውም ባልነው ልክ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ተጨባብጠን ፈርመናል። ምን ያህል እንደታጠፈ ለካን። ወደ የት እንደታጠፈ ግን ማን አየ? ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም አልጠየቀም። ጨረሩ የሚያነጣጥረው በሥሯና አባዬ አጥርቶ በሚያይባት ነጥብ መሃል ነው፤ ወደ ግራ ከታጠፈ ሥሯን ያገኛል፣ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ያቺን ነጥብ።

ብናገርና ስህተት ባይኖርስ? ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ በገዛ አፌ ላጠፋው ነው? በዚህች ሰዓት እንኳ ስለ ስሜ መጨነቄ ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል።

የዶክተሯ እግር ፔዳሉ ላይ ነው። «ዝግጁ? አንድ፣ ሁለት…»

«ቆዪ! ቆዪ ዶክተር!»

ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ዶክተሯ ዞር ትላለች። «ምን ሆንሽ?»

«ወረቀት ላይ እንሞክረው። አንዴ ብቻ።»

«ተሞክሯል ብላችሁ ፈርማችሁልኝ የለ?»

«ፈርሜያለሁ። ግን ወደ የት እንደሚታጠፍ አላየሁም።»

ፊቷ ላይ ንዴት ይሁን ድንጋጤ አልለየውም። አባዬ እንደታሰረ ይናገራል፦ «ፍቀጂላት ዶክተር። አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።»

ዶክተሯ ቀበቶውን ትፈታለታለች፤ ወንበሩን ወደ ጥግ ወስዳ ጥቁር መከላከያ መነጽር ታደርግለታለች። እኛም እናደርጋለን። ዓይኑ በነበረበት ቦታ ነጭ ካርቶን እተክላለሁ። አጥርቶ ለሚያይባት ነጥብ በእስክሪብቶ መስቀለኛ ምልክት፣ ከግራዋ ለሥሯ ደግሞ ትንሽ ክብ እሠራለሁ።

ዶክተሯ ፔዳሉን ትረግጣለች። ሦስት ሰከንድ። ቀጭን ጭስ ይወጣል።

መነጽሬን አውልቄ ሳየው ክቡ እንደነበረ ንጹሕ ነው። መስቀለኛው አራት ክንፎቹ አሉ፤ የሚገናኙበት መሃሉ ግን የለም። በቦታው የስፌት መርፌ የምታሾልክ፣ ጠርዟ የጠቆረ ቀዳዳ አለች።

ዶክተሯ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ቀስ ብላ ታነሳለች።

«የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ» ይላል አባዬ ከጥግ። «ጨርቅ ነው?»

«ወረቀት ነው አባዬ። ወረቀት ብቻ ነው።»

ካርቶኑን ነቅዬ ወደ ዓይኔ አስጠጋዋለሁ። በቀዳዳዋ በኩል አባዬ ይታየኛል፤ መነጽሩን አውልቆ እኔን እያየኝ ነው።