ጫፉ ያልተነካ ጸጉር

ልዕልት ሄድቪግ የወርቁን የአንገት ጌጥ ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ ትከፍትና ውስጡ ያለውን ትንሽ ጸጉር ነጩ ጨርቄ ላይ ታስቀምጠዋለች። እጇን ግን ቶሎ አታነሳም።

"ነገ ጠዋት ጌጡን ሊወስዱት ይመጣሉ" ትለኛለች። "ባሌ ስለሞተ ከእንግዲህ የወንድሙ ሚስት ናት የምታደርገው። ከእኔ በፊት አማቴ አድርጋዋለች፣ ከእሷም በፊት አማቷ። ወርቁ የቤተ መንግሥቱ ነው። ጸጉሩ ግን የልጄ ነው፤ ቀለበት አድርገሽ ሥሪልኝ።"

"እሺ እመቤቴ።"

ከወንበሯ ጀርባ ዶርቴ ቆማለች፤ የልጇ የልዑል ኮንራድ ሞግዚት የነበረችው። ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የዚያን ቀን እናትየው መቀስ መያዝ ስላቃታት ጸጉሩን የቆረጠችው ዶርቴ ናት።

ልዕልቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ታስጠጋለች፤ ልትጠብቀኝ ነው። አይከፋኝም። እኛ የቮምሁስ መንደር ሴቶች ከስዊድን ወጥተን በየቤተ መንግሥቱ የሰው ጸጉር ስንጎነጉን፣ "ይለውጡታል" ተብለን እንደተጠረጠርን ነው የምንኖረው። ስለዚህ ከባለቤቱ ዓይን ሥር እንሠራለን፣ የተረፈችውንም ብጣሽ መልሰን እናስረክባለን።

"መቀስ ነክቶት አያውቅም ነበር" ትላለች ልዕልቷ። "ሦስት ዓመት ሲሞላው እንቆርጥለታለን ብለን ነበር።"

ጸጉሩን በውሃ አርሼ በጣቴ እዘረጋዋለሁ። ከተወለደ ጀምሮ ያልተቆረጠ ጸጉር ወደ ጫፉ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። አንዴ መቀስ የነካው ግን ጫፉ ድፍን ነው። ይሄኛው በሁለቱም ጫፉ ድፍን ነው፤ ደግሞም ወፍራም ነው። የሕፃን አይደለም።

ቀና ስል ዶርቴ እያየችኝ ነው። ከነጭ ቆቧ ሥር አፈትልኮ የወጣው ጸጉሯ የገለባ መልክ አለው፤ ጨርቄ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ልዕልቷ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ተነስታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። ዶርቴ ሙቅ ውሃ የምትጨምርልኝ መስላ ጎንበስ ትላለች።

"አትንገሪያት" ትለኛለች በሹክሹክታ።

"የእሱስ የት አለ?"

"አንገቴ ላይ።" ከማንቆርቆሪያው ውሃ ጠብ ታደርግልኛለች። "ያጠባሁት እኔ ነኝ፣ ሲያተኩሰው ሳልተኛ ያደርኩት እኔ ነኝ። እሷ እሁድ እሁድ ነበር የምታየው። ለኔ ማን ይሰጠኛል ብዬ ነው።"

"ብታውቅ ታባርርዎታለች።"

"እሱማ ምን አለበት፣ ታባርረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማንን ጸጉር ስትስም እንደኖረች ልታውቅ ነው እንጂ የቸገረኝ።"

እኔም አገሬ የተውኳት የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ስወጣ እናቴ ከጸጉሯ ትንሽ ቆርጠሽ ያዢ ብላኝ ነበር፤ በሕይወት ላለ ልጅ ምን ይደረጋል ብዬ እምቢ አልኩ። ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን በየከተማው የሌላ ሰው ልጅ ጸጉር በነካሁ ቁጥር እጄ የእሷን ይፈልጋል። በዶርቴ ልፈርድባት ፈልጌ አቃተኝ። ልዕልቷንም የሌላ ሰው ጸጉር ጣቷ ላይ አሥሬ ልሸኛት አልችልም።

ልዕልቷ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ "እመቤቴ፣ ይሄ አይሠራም" እላለሁ። "ብዙ ስለተነካ ሳስቷል። ሲጎነጎን ይበጠሳል።"

"ሌላ የለኝም።" እጇን ጸጉሩ ላይ መልሳ ታስቀምጣለች። "ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።"

ዶርቴን አየት አደርጋታለሁ። ጨርቁን እያስተካከልኩ እጠብቃለሁ።

ዶርቴ በመጨረሻ እጇን ወደ አንገቷ ትሰድና በክር የተንጠለጠለች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ታወጣለች።

"እኔ ጋ አለ" ትላለች። "የዚያን ቀን... ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ልዕልቷ ዞራ ታያታለች። ትቆጣለች ብዬ እፈራለሁ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ አንገትሽ ላይ ነበር?"

"አዎ እመቤቴ።"

"እኔ ብቻ የምናፍቀው መስሎኝ ነበር" ትላለች ልዕልቷ።

ዶርቴ ከረጢቷን ጨርቄ ላይ ታራግፋለች። የሚወርደው ጸጉር ከመቅለሉ የተነሳ ትንፋሼን ፈርቼ ፊቴን አዞራለሁ። ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል።

እጎነጉነዋለሁ። ሁለቱም ጣቶቼን ያያሉ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳትወርድ ቀለበቱ ያልቃል፤ ጠባብ ነው፣ ለትንሿ ጣት ብቻ የሚበቃ። ልዕልቷ ታጠልቀውና በከንፈሯ ትነካዋለች።

"ከጌጡ የወጣው፣ የሳሳውስ?" ትላለች ጨርቁ ላይ የቀረውን እያየች።

"የእርስዎ ነው። አስረክባለሁ።"

"ለዶርቴ ስጫት። እሷ የራሷን ለኔ ሰጥታለች፤ ከልጄ ባዶ እጇን አትቅር።"

ጸጉሩን ሰብስቤ እዘረጋላታለሁ። ዶርቴ ዝቅ ብላ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች፤ ልዕልቷ እያየቻት ስለሆነ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። የልዕልቷ ሽቶ ካልሆነ በቀር ምን ይሸታታል። ከዚያ የገዛ ጸጉሯን ባዶዋ ከረጢት ውስጥ ትከትና ክሩን መልሳ አንገቷ ላይ ታሥራለች።